ወረቀቱና ቀኑ፦ ለኢንሹራንስ ስንከራከር የተማርነው

(በሆሳዕና በተካሄደው የአባላት ስብሰባ ላይ በሁለት የሕግ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)



ስለ መኪና አደጋ፣ ስለ ካሳና ስለ ኢንሹራንስ እንድንናገር ስትጋብዙን አንድ ነገር አስቀድመን ልንነግራችሁ ይገባል። እኛ ሁለታችን፣ አንዳችን የሆሳዕና አንዳችን የዱራሜ ልጆች፣ አብዛኛውን የጥብቅና ዘመናችንን ያሳለፍነው በተከሳሽ በኩል ቆመን ነው። ባሏ በመኪና የሞተባት ሴት ስትከስ፣ እግሩን ያጣ ወጣት ሲከስ፣ እኛ የምንቆመው ለባለ መኪናው ወይም ለኢንሹራንሱ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምንነግራችሁ የተጎጂ ጠበቃ ከሚነግራችሁ ትንሽ ይለያል። ከወዲያኛው ወንበር ተቀምጠን የክስ ማመልከቻ ስናነብ መጀመሪያ ምን እንደምንፈልግ፣ የትኛዋ ከሳሽ እንደምታሳስበን፣ የትኛዋ ደግሞ እውነት በእጇ እያለ ባዶ እጇን እንደምትመለስ ልንነግራችሁ መጥተናል።

ይህ ጉዳይ የእናንተ ጉዳይ ነው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ የምትደርሱት፣ ቆጮና ቡላ፣ ቅቤና አይብ ይዛችሁ ከገበያ ገበያ የምትዞሩት እናንተ ናችሁ። ባሎቻችሁና ልጆቻችሁ ሾፌር፣ ረዳት፣ ተሳፋሪ ናቸው። ልጅ ከደቡብ አፍሪካ በላከው ገንዘብ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ገዝታችሁ የምታሠሩም በመካከላችሁ አላችሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ከሳሽ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ተከሳሽም ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ብዙ ጊዜ፦ «እናንተ እንዴት ለድርጅት ቆማችሁ ከመበለት ጋር ትከራከራላችሁ?» እንባላለን። መልሳችን እድር ነው። የእድር ገንዘብ የአንድ ሰው ገንዘብ አይደለም፤ ሁሉም በየወሩ ያዋጣው ነው። ሐዘን ሲደርስ የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ መዝገብ ይከፍታሉ። መዋጮው ተከፍሏል? ሟቹ በመዝገብ የተጻፈ ቤተሰብ ነው? ደንቡ ለዚህ ሐዘን ስንት ይላል? ይህን የሚጠይቁት ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም፤ ሳይጠይቁ ቢከፍሉ ለሚቀጥለው ለቀስተኛ የሚተርፍ ገንዘብ አይኖርም። የኢንሹራንስም ገንዘብ ከብዙ ባለ መኪናዎች የተዋጣ ነው፤ የተከላካይ ጠበቃ ሥራም በመሠረቱ መዝገብ መክፈት ነው። ልዩነቱ በእድር ጠያቂዋም ተጠያቂውም ደንቡን ያውቁታል፤ በኢንሹራንስ ግን ደንቡን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ አንዱ ወገን ብቻ ነው። ዛሬ ይህን ልዩነት ለማጥበብ እንሞክራለን።

ሕጉን በአጭሩ እንንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። «እኔ አልነዳሁም፣ ሾፌሩ ነው» ማለት አያድነውም። «ጥፋት የለብኝም»፣ «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» ማለትም አያድነውም። በአንቀጽ 2086 መሠረት ኃላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀነስለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው በራሱ ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ነው። መኪናው ተሰርቆ ሳለ ጉዳት ማድረሱን ካስረዳም ነጻ ይሆናል። ሁለት መኪናዎች ከተጋጩ ደግሞ አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል እንዳደረሱት ቆጥሮ ይነሣል፤ አንደኛው ሾፌር አጥፊ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ይህ ይለወጣል።

ኢንሹራንሱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የግል የመድን ድርጅቶች በ1967 ዓ.ም. ተወረሱ፤ በቦታቸው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ድርጅቶች እንደገና ወደ ሥራው ገቡ። ሆኖም ለሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መግባት በአገር ደረጃ ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ነው፤ እሱም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ከዚያ በፊት ተጎጂ የሚከሰው ባለ መኪናውን ነበር፤ ባለ መኪናው ከአንዲት አሮጌ አይሱዙ በቀር ሌላ ከሌለው ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ከባለ መኪናው ጀርባ ኢንሹራንስ አለ። መኪናው ገጭቶ ካመለጠ፣ ወይም ኢንሹራንስ ከሌለው፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የመድን ፈንድ አለ፤ ይህን ፈንድ የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ያስተዳድረዋል። «ታርጋውን አላየሁም፣ ስለዚህ ምንም የለኝም» ብላ እቤቷ የምትቀመጥ ሴት መብቷን ሳታውቅ ትታዋለች።

አሁን ወደ እኛ ወንበር እንምጣ። የክስ መዝገብ ሲደርሰን በመጀመሪያ የምናየው እንባውን አይደለም፤ ቀኑን ነው። አደጋው የደረሰው መቼ ነው? ክሱ የቀረበው መቼ ነው? የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የረዘመ ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል፤ ግን እሱን ተማምና የምትቀመጥ ሴት በሰው እጅ ባለ ቁልፍ ቤቷን እንደዘጋች ናት። ሁለት ዓመት ካለፈ እኛ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ እናቀርባለን። የሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 244 መቃወሚያው ገና ከጅምሩ እንዲነሣ ያዛል፤ ካልተነሣ እንደተተወ ይቆጠራል። ስለዚህ ጠበቃው ይርጋውን ካየ ማንሣት ግዴታው ነው። መቃወሚያው ተቀባይነት ካገኘ ምስክር አይሰማም፣ የሐኪም ማስረጃ አይነበብም፣ መዝገቡ ይዘጋል።

እዚህ አንድ ጉዳይ እንንገራችሁ። ስም አንጠራም፤ ቦታውንም አንገልጽም። አንድ አባወራ በመንገድ ዳር ሲሄድ ሚኒባስ ገጭቶት ሞተ። ሾፌሩ በወንጀል ተከሰሰ፣ ማስረጃው አልበቃም ተብሎ በነጻ ተለቀቀ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ፦ «ሰውየው ነጻ ከወጣ እኔ ማንን እከሳለሁ?» ብላ ወደ ጉሊቷ ተመለሰች። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ዘመድ መክሯት ከሰሰች። ለባለ መኪናው የቆምነው እኛ ነበርን፤ መቃወሚያችን ይርጋ ነበር፤ መዝገቡም ተዘጋ።

ይህች ሴት ሕጉን ብታውቅ ኖሮ በጊዜዋ የሚያግዳት አልነበረም። በመጀመሪያ፣ የወንጀል ችሎት ሾፌሩን በነጻ ቢያሰናብት የፍትሐ ብሔር ችሎት በዚያ አይገደድም፤ አንቀጽ 2149 ይህን በግልጽ ይናገራል። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ኃላፊ የሚሆነው ያለ ጥፋትም ቢሆን ነው፤ ስለዚህ የሾፌሩ ነጻ መውጣት የባለቤቱን ኃላፊነት አያጠፋም። ክሱን በዓመቱ አቅርባው ቢሆን ኖሮ እኛ ለደንበኛችን የምንመክረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተስማማ፣ ክፈል። ቀኑ ብቻ የዚህን መዝገብ ውጤት ገልብጦታል።

ከቀኑ በኋላ የምናየው ከሳሿ ማን መሆኗን ነው። ሰው ሲሞት በአንቀጽ 2095 ካሳ መጠየቅ የሚችሉት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች ናቸው፤ ካሳውም የሟች ውርስ አይደለም፤ በሟች ይረዱ የነበሩት በራሳቸው ስም የሚጠይቁት መተዳደሪያ ነው። ስለዚህ ሚስት ሚስትነቷን፣ ልጅ ልጅነቱን ማስረዳት አለበት። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት በሽማግሌ የተጋባችሁ ብዙዎች የጋብቻ ወረቀት የላችሁም። ጋብቻችሁ ግን ጋብቻ ነው፤ አብሮ በመኖር፣ በጎረቤትና በዘመድ ምስክርነት ማስረዳት ይቻላል። የሚሻለው ግን ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ ቀበሌ ሄዶ መመዝገብ ነው። ከሞተ በኋላ የሟች እህትና ወንድም ጥላቻ ቢገባቸው፣ ሚስትነትን ለማስረዳት ብቻ አንድ ዓመት ሊያልፍ ይችላል፤ ከሁለቱ ዓመት አንዱ ሄደ ማለት ነው።

ሦስተኛ የምናየው የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የአደጋውን ፕላን ነው። ተጎጂው የት ቆሞ ነበር? መንገድ እያቋረጠ ነበር? መኪናው ላይ በምን ሁኔታ ተሳፍሮ ነበር? ተከላካይ የተጎጂን ጥፋት የሚፈልገው እዚህ ውስጥ ነው፤ ካሳውን ሊቀንስ የሚችለው ይህ ነውና። በተለይ በጭነት መኪና ላይ፣ በማዳበሪያ ከረጢት አናት ተቀምጣችሁ ስትሄዱ አደጋ ቢደርስ ክርክሩ ይበዛል፤ መኪናው ሰው እንዲጭን አልተፈቀደለትምና። ቃላችሁን ስትሰጡ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ የምትናገሩ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ። የተጻፈው ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ፣ ጣታችሁንም አታትሙ።

አራተኛው ገንዘቡ ነው። ከሳሿ አንድ ሚሊዮን ብር ብትጠይቅ አንደነግጥም፤ «ሟች በወር ስንት ያገኝ ነበር? በምን ታስረጃለሽ?» እንላለን። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በወረቀት ይታወቃል። የጉሊት ነጋዴና የባጃጅ ሾፌር ገቢ ግን የት ተጽፏል? እዚህ ላይ የናንተ ማኅበር ጉልበት አለው። የቁጠባ ደብተር፣ የእቁብ መዝገብ፣ በየጊዜው የተከፈለ የብድር ደረሰኝ፣ እነዚህ ሁሉ የገቢ ማስረጃ ናቸው። በየሳምንቱ 200 ብር ለሁለት ዓመት ሳታቋርጥ የቆጠበች ሴት «ገቢ የላትም» ብሎ መከራከር ይከብደናል። ትክክለኛው መጠን ሊታወቅ ባይችል እንኳ አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል። ግን ዳኛ በርትዕ ሲወስን የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ደብተሩን አትጣሉት።

ስለ ገንዘብ ሌላ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። አዋጅ ቁጥር 799 ሲወጣ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ነበር። ይህ መጠን የሚሻሻል ስለሆነ በአደጋው ቀን የሚሠራውን ጠይቁ። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ይህ ገንዘብ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ጣሪያ እንጂ የሰው ሕይወት ዋጋ አይደለም። ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት በባለ መኪናው ላይ ይቀራል፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ብዙ መበለቶች ቼኩን ተቀብለው ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸው ይሄዳሉ። የምትፈርሙት ወረቀት «ከኢንሹራንሱ ድርሻ ይህን ተቀብያለሁ» ይላል ወይስ «ከማንም ምንም አልጠይቅም» ይላል? ይህን ሳታነቡ አትፈርሙ።

የሕሊና ጉዳት ካሳ የሚባለውም አለ፤ ለሐዘኑ፣ ለልብ ስብራቱ። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገደበው፤ አንቀጽ 2116 ነው። በዚያ ዘመን 1,000 ብር ብዙ ነበር። ዛሬ ለለቅሶ የሚመጣውን ሰው አንድ ቀን አያበላም። ይህን ገደብ ማሻሻል የሕግ አውጪው ሥራ ነው፤ ሴቶች በማኅበራችሁ በኩል ድምፃችሁን ብታሰሙበት ተገቢ ነው እንላለን። እስከዚያው ግን የቁሳዊ ጉዳቱን በደንብ ማስረዳት ነው የሚያዋጣችሁ።

ስለ ሽምግልናም እንናገር፤ በኛ አገር ማንም ሰው ከችሎት በፊት ሽማግሌ ይልካል። የሾፌሩ ቤተሰብ ሽማግሌ ይዞ ለቅሶ ይመጣል፤ ይህ መልካም ነው፤ ደም እንዳይቃባ ያደርጋል። ነገር ግን ዕርቅና የካሳ ውል ሁለት ነገር ናቸው። ሽማግሌ ፊት በሐዘን ላይ እያላችሁ «ሁለተኛ ክስ አላቀርብም» የሚል ወረቀት ከፈረማችሁ፣ ሕጉ ይህን ስምምነት እንደ መጨረሻ ፍርድ ያየዋል። እኛ ይህን ወረቀት በመዝገብ ውስጥ ስናገኝ ዕድለኞች ነን እንላለን፤ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ታረቁ፤ ግን የተሰጣችሁ ገንዘብ የለቅሶ ወጪ ነው ወይስ ሙሉ ካሳ ነው የሚለው በወረቀቱ በግልጽ ይጻፍ። ማንበብ የማይችል ሰው ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በሹም፣ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ሕጉ ይናገራል። ይህ ጥበቃ አለ፤ ግን እሱን ለማስከበር ደግሞ ሌላ ክርክር ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው አለመፈረም ይቀላል።

አሁን ባጃጅና ሚኒባስ ያላችሁ እናቶች ስሙን። ለእናንተም ጠበቃ ሆነን ቆመናልና በደንብ እናውቃችኋለን። ሾፌሩ የእህታችሁ ልጅ ይሁን፣ ተቀጣሪ ይሁን፣ ሊብሬው በስማችሁ ከሆነ ተከሳሿ እናንተ ናችሁ። መኪናውን ሸጣችሁ ስሙ ሳይዛወር በውክልና ብቻ ከሰጣችሁም ክሱ የሚደርሰው በመጀመሪያ እናንተ ደጅ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አድርጉ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ የሚያበቃበትን ቀን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ለሾፌር ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት የመንጃ ፈቃዱን ደረጃና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። የሸጣችሁትን ዕቃ ስሙን አዛውሩ። አደጋ ቢደርስ ደግሞ ሳትዘገዩ ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ሾፌሩም ገጭቶ እንዳይሸሽ አስቀድማችሁ ምከሩት። የክስ መጥሪያ ሲደርሳችሁ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት። መጥሪያውን ይዛችሁ ወደ ኢንሹራንሱ ሂዱ፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 43 መሠረት ኢንሹራንሱ ወደ ክርክሩ እንዲገባ መጠየቅ ትችላላችሁና። ኢንሹራንስ እያላቸው ሳይጠሩት በመቅረታቸው ቤታቸው የተሸጠ ሰዎች አሉ።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ሲጨመቅ አንድ ነገር ነው። እኛ በዚያኛው ወንበር ተቀምጠን ያሸነፍነው በንግግር ችሎታ አልነበረም። ያሸነፍነው ከሳሿ ቀኑን ስላሳለፈች፣ ወረቀቱን ስላልያዘች ወይም ያልገባትን ስለፈረመች ነው። ቀኗንና ወረቀቷን የያዘች፣ ፊደል ባትቆጥርም እንኳ፣ ከእኛ ጋር እኩል ናት። ድርጅቶችም ይህን ያውቃሉ፤ በደንብ የተያዘ መዝገብ ሲያዩ መክፈልን ከመሟገት ይመርጣሉ።

ስለዚህ ማኅበራችሁን አንድ ነገር እንለምናለን። ሐዘን ሲደርስ እናንተ ንፍሮ ትቀቅላላችሁ፣ ቡና ታፈላላችሁ፣ ውኃ ትቀዳላችሁ። ከዚሁ ጎን ሦስት ሴቶችን ምረጡ። የመኪና አደጋ በደረሰበት ቤት፣ ሐዘንተኛዋ ከቤት መውጣት በማትችልበት በዚያው ሳምንት እነዚህ ሦስቱ ስለ እሷ ይሂዱ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ የተከፈተበትን ቀንና ቁጥር፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የባለቤቱንና የኢንሹራንሱን ስም፣ ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ ይጻፉ። የሆስፒታል ደረሰኝና የሞት ማስረጃ ይሰብስቡ። ሁሉንም በአንድ ፖስታ አድርገው በማኅበሩ ሳጥን ያኑሩት፤ በፖስታው ላይም ሁለቱ ዓመት የሚያበቃበት ቀን በቀይ ይጻፍ። ከዚያ ሐዘንተኛዋ እንባዋ ሲደርቅ፣ አርባም ወጥቶ፣ ወደ ጠበቃ ስትሄድ ባዶ እጇን አትሄድም።

ጠበቃ የሚቀጥር ገንዘብ ከሌላትም መንገዱ አልተዘጋም። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማትችል ሰው በአንቀጽ 467 መሠረት ሳትከፍል እንድትከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ትችላለች። ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡም አሉ፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቷል፤ እዚሁ ከተማችን ያለውን ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲንም ጠይቁ። ድጋፍ የምታደርጉ ወገኖችም ይህን አስቡበት፤ ለአንድ ፖስታ የሚወጣው የፎቶ ኮፒና የትራንስፖርት ወጪ ጥቂት ነው፤ የሚያስገኘው ግን የአንድ ቤት የዓመታት ቀለብ ሊሆን ይችላል።

ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ሦስቱን ሴቶች ከመረጣችሁ፣ ፖስታው እንዴት እንደሚዘጋጅ ልናሳያቸው እኛ ዝግጁ ነን።